ኦቶ ግራሃም ያለው 7 ዋንጫ ነው ወይስ 3?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮሎምበስ ኦሃዮ ነው። የ15 ዓመት ልጄ በትምህርት ቤቱ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ውስጥ ኳርተርባክ ነው፤ ኳሱን እየወረወረ ጨዋታውን የሚመራው ማለት ነው። የዝነኛው ኳርተርባክ የቶም ብሬዲ ፍቅር ይዞታል፤ በ7 ዋንጫ የሚደርስበት የለም ይላል። በዕድሜ የገፉ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን ‹ኦቶ ግራሃም የሚባል የክሊቭላንድ ልጅ ከ70 ዓመት በፊት 7 ወስዷል› አሉኝ። ይህን ለልጄ ስነግረው ‹4ቱ አይቆጠሩም፣ የእውነቱ 3 ብቻ ነው› ብሎ ተሟገተኝ። ማን ነው ልክ? ሰውየው እውነት ያን ያህል ነበር? ልጄስ ከእሱ የሚማረው ነገር ይኖር ይሆን?»

መልስ፦ ጥያቄዎን ሳነብ ደስ አለኝ። ስለ ኦቶ ግራሃም በአማርኛ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ አይገጥመኝም። እኔ ደግሞ ይህን ሰው በጣም እወደዋለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብመልስልዎ አይቀየሙኝ። ዓመታቱንም ቀናቱንም ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አጭሩ መልስ ይኸውልዎ። ባልደረባዎ ልክ ናቸው። ግራሃም በፕሮፌሽናል ፉትቦል 10 ዓመት ተጫወተ። በ10ሩም ዓመት ቡድኑ ለፍጻሜ ደረሰ። 7ቱን አሸነፈ፣ 3ቱን ተሸነፈ። ልጅዎም ቢሆን ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። ከ7ቱ ውስጥ የኤንኤፍኤል፣ ማለትም ዛሬም ያለው ትልቁ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ የሆኑት 3 ናቸው፤ የ1950፣ የ1954 እና የ1955። የቀሩት 4ቱ የተገኙት ከ1946 እስከ 1949 ብቻ በቆየ ሌላ ሊግ ነው።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምርልዎ። ብሬዲም ለ10 ሱፐር ቦውል (የዛሬው የኤንኤፍኤል ፍጻሜ) ደርሶ 7ቱን ነው ያሸነፈው። ልክ እንደ ግራሃም፣ 10 እና 7። ብሬዲ ግን ለዚህ 23 የውድድር ዘመን ፈጅቶበታል። ግራሃም በ10 ጨረሰው።

እኔ 4ቱ ዋንጫዎች ይቆጠራሉ ባይ ነኝ። ምክንያቴን ለማስረዳት ግን ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይኖርብኛል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ አካባቢ የፉትቦል ክለብ መግዛት የሚፈልጉ ብዙ ባለሀብቶች ነበሩ። ኤንኤፍኤል በሩን ዘጋባቸው። አርች ዋርድ የሚባል የቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ የስፖርት አዘጋጅ ሰዎቹን ሰብስቦ አዲስ ሊግ አቋቋመ። ስሙ ኦል አሜሪካ ፉትቦል ኮንፈረንስ ነው፤ በአጭሩ ኤኤኤፍሲ። የያኔው የኤንኤፍኤል ኮሚሽነር ኤልመር ሌይደን ‹መጀመሪያ ኳስ ይኑራቸው› በሚል ዓይነት አጣጣላቸው። ይህ ንቀት ለዓመታት ቀጠለ። ልጅዎ ዛሬ «አይቆጠሩም» የሚለውም የዚያው ንቀት ቅሪት ይመስለኛል።

ክሊቭላንድ ውስጥ የተመሠረተው የአዲሱ ሊግ ክለብ አሰልጣኝ ፖል ብራውን ሆነ። ክለቡም በእሱ ስም ብራውንስ ተባለ። በዚያው ሰሞን የ1945ን የኤንኤፍኤል ዋንጫ ያነሳው ክሊቭላንድ ራምስ ጓዙን ጠቅልሎ ሎስ አንጀለስ ገባ። ይህቺን ነገር ይያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ብራውን ለአዲሱ ቡድን መጀመሪያ ከፈለጋቸው ሰዎች አንዱ ግራሃም ነበር። አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ያወቀው ደግሞ ተሸንፎለት ነው። በ1941 ብራውን የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ነበር። ቡድኑ በዚያ ዓመት የተሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ያሸነፈው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነበር፣ ኳሱን ይወረውር የነበረውም ግራሃም። ብራውን ያን ልጅ አልረሳውም።

ግራሃም በ1921 ኢሊኖይ ውስጥ ዋኪጋን በምትባል ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ የሙዚቃ መምህራን ነበሩ። እሱም ፒያኖ፣ ቫዮሊን፣ ኮርኔት እና ፍሬንች ሆርን እየተጫወተ አደገ። ኖርዝዌስተርን የገባው በቅርጫት ኳስ ነጻ የትምህርት ዕድል ነው። ፉትቦሉን የጀመረው በግቢ ውስጥ ከተማሪዎች ጋር ሲጫወት ነበር። የዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ አዩትና ወደ ዋናው ቡድን ጠሩት። በ1943 ለዓመቱ ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ተጫዋች በሚሰጠው የሄይዝማን ሽልማት ድምፅ 3ኛ ወጣ።

የቅርጫት ኳሱ ነገር እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ በክረምት ለሮቼስተር ሮያልስ ተጫውቶ በ1946 የናሽናል ባስኬትቦል ሊግን ዋንጫ አነሳ። ያ ክለብ ዛሬ ሳክራሜንቶ ኪንግስ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ከብራውንስ ጋር የፉትቦሉን ዋንጫ ወሰደ። በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት የተለያዩ ስፖርቶች ሻምፒዮን! ሁሉንም ከደመሩ የፕሮፌሽናል ዋንጫዎቹ 8 ናቸው። ለባልደረባዎ ይህንንም ይንገሩልኝ፣ ደስ ይላቸዋል።

ብራውን ሲያስፈርመው ግራሃም ገና የባሕር ኃይል ሰልጣኝ ነበር። ውሉ በዓመት 7,500 ዶላር ነው። ጦርነቱ እስኪያበቃ ደግሞ በየወሩ 250 ዶላር ይላክለት ነበር። ለአንድ ወታደር ያ ትልቅ ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ 4ቱ ዓመታት እንምጣ። ከ1946 እስከ 1949 ብራውንስ በመደበኛው ውድድር 47 ጨዋታ አሸነፈ፣ 4 ተሸነፈ፣ 3 አቻ ወጣ። 4ቱንም ዋንጫ ወሰደ። በ1948 ጭራሽ አልተሸነፈም፤ ፍጻሜውን ጨምሮ 15 ተጫውቶ 15 አሸነፈ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በ8 ቀን ውስጥ 3 ጨዋታ ገጥሞ 3ቱንም ረታ። በፍጻሜው ቡፋሎን 49 ለ 7 ደመሰሰ። ሳይሸነፍ ዋንጫ ስለወሰደ ቡድን ሲወራ ግን ሰው ሁሉ የ1972ቱን ማያሚ ዶልፊንስ ብቻ ይጠራል። ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ሊጉ ደካማ ነበር የሚሉ አሉ። እንዲህ ያስቡት። በ1948 የሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ቡድን 14 ተጫውቶ የተሸነፈው 2 ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም በብራውንስ። ያ ደካማ ቡድን አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አዲሱ ሊግ ኤንኤፍኤል ያላያቸውን ሰዎች አየ። ብራውን በ1946 ማሪዮን ሞትሊን እና ቢል ዊሊስን አስፈረመ። ሁለቱም ጥቁሮች ናቸው። ታሪክ የሠራው ጥቁር ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን በቤዝቦል ሜጀር ሊግ ሜዳ ላይ ከመውጣቱ አንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ኤንኤፍኤል ከ1934 እስከ 1945 አንድም ጥቁር ተጫዋች አላሰለፈም። በ1946 ብራውንስ ለጨዋታ ማያሚ ሲሄድ በፍሎሪዳ የዘር መድልዎ ምክንያት ሁለቱ አብረው መጓዝ አልቻሉም። ሁለቱም ዛሬ በፉትቦሉ የዝና አዳራሽ ውስጥ ናቸው።

ስለ ግራሃም ሲወራ ሞትሊን መርሳት ግፍ ነው። ወደ 105 ኪሎ የሚመዝን ፉልባክ ነበር። ግራሃም ለመወርወር ሲዘጋጅ ሞትሊ ፊት ለፊቱ ቆሞ የሚመጣውን ሁሉ ይገፋለታል። ተጋጣሚ ውርወራውን ብቻ ካሰበ ደግሞ ኳሱን ለሞትሊ ይሰጡትና ሰው እያንጋለለ ይሮጣል። ግራሃም ያን ሁሉ ጊዜ ያገኘው በሞትሊ ትከሻ ነው።

በ1949 መጨረሻ ኤኤኤፍሲ ከኤንኤፍኤል ጋር ተስማማ። ክሊቭላንድ፣ ሳን ፍራንሲስኮ እና ባልቲሞር ወደ ኤንኤፍኤል ገቡ፣ ሌሎቹ ፈረሱ። እዚህ ላይ ነው የልጅዎ ክርክር የሚፈተነው። ብራውንስ የተሸለመው ደካማ ሊግ ውስጥ ስለነበረ ከሆነ ትልቁ ሊግ ሲገባ መጋለጥ ነበረበት።

የኤንኤፍኤል ኮሚሽነር በርት ቤል የመጀመሪያውን ጨዋታ ሆን ብሎ መረጠው። መስከረም 16 ቀን 1950፣ ፊላዴልፊያ ላይ፣ የአዲሱ ሊግ ሻምፒዮን ከኤንኤፍኤል ሻምፒዮን ከፊላዴልፊያ ኢግልስ ጋር። ኢግልስ የ1948ንም የ1949ንም ዋንጫ የወሰደ ቡድን ነው። በሁለቱም ፍጻሜዎች አንድ ነጥብ እንኳ አልተቆጠረበትም። ከ71,000 በላይ ሰው ስታዲየም ገባ። አብዛኛው የመጣው እነዚህ ከክሊቭላንድ የመጡ ጉረኞች ሲዋረዱ ለማየት ነው።

ፖል ብራውን ለ4 ዓመት አንድ ቃል ሳይመልስ ቆይቶ ነበር። በጋዜጣ የወጣውን ስድብ እየቆረጠ ለተጫዋቾቹ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ብቻ ነበር ሥራው። በዚያ ምሽት የልብ ማነቃቂያ ንግግር የሚያስፈልገው ተጫዋች አልነበረም።

ብራውንስ 35 ለ 10 አሸነፈ። ግራሃም 346 ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ወረወረ፣ 3 ተችዳውን (ኳሱን ከተጋጣሚ ጎል መስመር ማሳለፍ፣ 6 ነጥብ ነው) አቀበለ። የመጀመሪያውን ለደብ ጆንስ በ59 ያርድ፣ ሌሎቹን ለዳንቴ ላቬሊ እና ለማክ ስፒዲ።

እንዴት አደረጉት? ልጅዎ ኳርተርባክ ስለሆነ ይህን ይወደዋል። የብራውንስ ተቀባዮች ወደፊት እየበረሩ ሄደው ድንገት ይቆሙና ወደ ሜዳው ጠርዝ ይመለሳሉ። ግራሃም ኳሱን የሚለቀው ተቀባዩ ገና ፊቱን ሳያዞር ነው። ዞር ሲል ኳሱ እጁ ላይ ነው። ተከላካዩ ምንም ቢፈጥን አይደርስም፤ ምክንያቱም የሚከተለው ሰውየውን እንጂ ኳሱን አይደለም። ዛሬ በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚሰለጠነው በጊዜ የተለካ ውርወራ ይህ ነው። በ1950 ግን የኢግልስ ተከላካዮች እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ጥራት አላዩም ነበር። ከላቬሊና ከስፒዲ ጋር ልምምድ ካለቀ በኋላ ሳይቀር ደጋግመው ሠርተውታል።

ከጨዋታው በኋላ የኢግልስ አሰልጣኝ ግሪሲ ኒል ብራውንስን ከቅርጫት ኳስ ቡድን ጋር አመሳሰሉት፤ መወርወር ብቻ ነው የሚያውቁት በሚል። ታኅሣሥ ላይ ሁለቱ ቡድኖች እንደገና ተገናኙ። በዚያ ቀን ክሊቭላንድ በመዝገብ የሚታይ አንድም ውርወራ ሳይወረውር 13 ለ 7 አሸነፈ። ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም።

የዚያው ዓመት ፍጻሜ ደግሞ የገና ዋዜማ ላይ በክሊቭላንድ ሆነ። ተጋጣሚው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ይያዙልኝ ያልኩዎት ራምስ። ከተማዋን ጥሎ ሎስ አንጀለስ የገባው ቡድን ተመልሶ መጣ። ያ ራምስ በ12 ጨዋታ 466 ነጥብ ያስቆጠረ አስፈሪ ቡድን ነው። ቀኑ በረዶ የሆነ ቀን ነበር። መሬቱ ደርቆ ስለነበር ብዙዎቹ የብራውንስ ተጫዋቾች የተለመደውን ጫማ ትተው የቴኒስ ጫማ አደረጉ።

የራምስ የመጀመሪያ ሙከራ የ82 ያርድ ተችዳውን ሆነ። ቦብ ዋተርፊልድ ወረወረ፣ ግሌን ዴቪስ ተቀበለ። ስታዲየሙ ዝም አለ። ግራሃም ወዲያው ለደብ ጆንስ ወርውሮ መለሰ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሲጋጋል ዋለ። አንድ ጊዜ ከተችዳውን በኋላ ለተጨማሪ ነጥብ የተሰጠው ኳስ ተበላሽቶ ብራውንስ 1 ነጥብ አጣ። ሦስተኛው ሩብ ላይ ራምስ በጥቂት ሴኮንዶች ልዩነት 2 ተችዳውን አግብቶ 28 ለ 20 መራ። በመጨረሻው ሩብ ግራሃም ለሬክስ ባምጋርድነር አቀብሎ ልዩነቱን ወደ 1 ነጥብ አወረደው፤ 28 ለ 27።

ቀጥሎ ግራሃም ራሱ ኳሱን ይዞ ሲሮጥ ተመትቶ ጣለው። ሰዓቱ እያለቀ ነው። ራምስ ኳሱን ያዘ። ግራሃም በኋላ ሲናገር በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ እንደነበር ነው የገለጸው። ወደ ጠርዝ ሲወጣ ብራውን ትከሻውን ነካ አድርጎ አይዞህ፣ እናገኛቸዋለን አለው። ብራውን ቁጣው የሚፈራ፣ ጥብቅ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን ልጁን አልገሠጸውም።

የክሊቭላንድ ተከላካይ ራምስን አቆመ። ግራሃም በራሱ ሜዳ 32ኛው ያርድ ላይ ኳሱን ሲረከብ 2 ደቂቃ እንኳ አልቀረም። መጀመሪያ ራሱ ሮጦ 14 ያርድ አገኘ። ከዚያ ለባምጋርድነር፣ ለጆንስ፣ እንደገና ለባምጋርድነር፤ ሁሉንም ወደ ጠርዝ፣ ተቀባዩ ወጥቶ ሰዓቱ እንዲቆም። 11ኛው ያርድ ላይ ደረሱ፤ ከራምስ ጎል መስመር 11 ያርድ ማለት ነው። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ሲቀር ሉ ግሮዛ ከ16 ያርድ ፊልድ ጎል (ኳሱን በእግር መትቶ በጎል ብረቶቹ መሐል ማሳለፍ፣ 3 ነጥብ ነው) መታ። 30 ለ 28። ግራሃም በዚያ ቅዝቃዜ 298 ያርድ ወርውሮ 4 ተችዳውን አቀበለ፤ በእግሩ ደግሞ 99 ያርድ ሮጠ።

ቀጣዮቹን 3 ዓመታት መደበቅ አልፈልግም። በ1951 በራምስ 24 ለ 17 ተሸነፉ። በ1952 በዲትሮይት ላየንስ 17 ለ 7። በ1953 እንደገና በዲትሮይት 17 ለ 16፤ ቦቢ ሌይን መጨረሻ ላይ ለጂም ዶራን ባቀበለው 33 ያርድ። በዚያ የ1953ቱ ፍጻሜ ግራሃም 15 ወርውሮ የተያዙለት 2 ብቻ ናቸው። የሕይወቱ ክፉ ቀን ነበር። ሲሸነፍ ምክንያት አልደረደረም፤ ጥፋቱን በራሱ ላይ አደረገ።

በዚያው በ1953 ኅዳር ላይ አንድ ነገር ሆነ፤ ልጅዎ ሄልሜቱን ባጠለቀ ቁጥር የሚነካው ነገር። ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር ሲጫወቱ ግራሃም ከሜዳው ሲወጣ አርት ሚካሊክ የተባለ ተከላካይ በክርኑ ፊቱን መታው። አፉ ተሰነጠቀ። 15 ስፌት ተሰፋ። በእረፍት ሰዓት ሄልሜቱ ላይ በፊት በኩል ጠንካራ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ገጠሙለትና ለሁለተኛው አጋማሽ ተመለሰ። ብራውንስ 23 ለ 21 አሸነፈ። የፊት መከላከያ ከዚያ በፊት ጭራሽ አልነበረም ማለት አይደለም። ነገር ግን ፖል ብራውን ከዚያ በኋላ ነገሩን በቁም ነገር ያዘው፤ ባለ አንድ ዘንግ የፊት መከላከያም በሊጉ ሁሉ ተስፋፋ።

በ1954 ፍጻሜ ዲትሮይት ለሦስተኛ ጊዜ ፊታቸው ቆመ። ከአንድ ሳምንት በፊት በመደበኛው ጨዋታ ዲትሮይት 14 ለ 10 አሸንፏቸው ነበር። ግራሃም ይህ የመጨረሻ ጨዋታዬ ነው ብሎ ወስኗል። ውጤቱ 56 ለ 10። ግራሃም 3 ተችዳውን አቀበለ፣ 3 ደግሞ ራሱ ሮጦ አገባ። ጫማውን ሰቀለ።

ግን አላስቀመጡትም። በ1955 ከውድድሩ በፊት የተተኩት ኳርተርባኮች አላማሩም። ብራውን ደውሎ ለመነው። በ25,000 ዶላር ተመለሰ፤ ያኔ በሊጉ ትልቁ ደመወዝ ነው። አጀማመሩ ቀዝቀዝ ያለ ነበር፣ ኋላ ግን ተሟሟቀ። ፍጻሜው ሎስ አንጀለስ ላይ ከራምስ ጋር ሆነ፤ 38 ለ 14። 2 አቀበለ፣ 2 ሮጦ አገባ። ሲወጣ የተጋጣሚው ከተማ ሕዝብ ቆሞ አጨበጨበለት። በ1956 ብራውንስ ያለ እሱ ሲጫወት 5 አሸንፎ 7 ተሸነፈ። ክለቡ ከተመሠረተ ጀምሮ ከግማሽ በታች ሲወርድ ያ የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ ፍርዱ። ከ1946 እስከ 1955 ድረስ ፍጻሜዎችንና የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎችን ጨምሮ ቡድኑ 114 አሸነፈ፣ 20 ተሸነፈ፣ 4 አቻ ወጣ። ግራሃም በአጠቃላይ 23,584 ያርድ ወረወረ፤ 174 ተችዳውን አቀበለ፣ 135 ጊዜ ኳሱ ተቃራኒ እጅ ገባ። በእግሩ 44 ተችዳውን አገባ። 135 ዛሬ ብዙ ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን ተከላካይ ተቀባዩን በመንገዱ ሁሉ መግፋት ይችላል፣ ኳርተርባኩንም የሚጠብቀው ሕግ እንደዛሬው አልነበረም።

እኔ ከሁሉ የማየው አንድ ቁጥር አለ። ለእያንዳንዱ ውርወራ የተገኘው ያርድ። ግራሃም 9 ያርድ ገደማ ነው። የኤንኤፍኤል ዓመታቱን ብቻ ብንወስድ እንኳ 8.6። የብሬዲ 7.4 አካባቢ ነው። ከ70 ዓመት በላይ ሆኖት ያ የግራሃም ቁጥር አሁንም ከላይ ተቀምጧል።

ለልጅዎ ክርክር ግን ሐቁን መስጠት አለብኝ። የብሬዲ መንገድ በአንድ ነገር ይከብዳል። ግራሃም ሲጫወት ኤኤኤፍሲ 7 ወይም 8 ቡድን ነበረው፣ ኤንኤፍኤል 12 ወይም 13። ምድብህን ከመራህ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ፍጻሜ ነህ። ብሬዲ 31 ወይም 32 ቡድን ባለበት ሊግ 3 ወይም 4 የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ማሸነፍ ነበረበት። የደመወዝ ጣሪያውና ነጻ ዝውውሩ ደግሞ ጥሩ ቡድንን በየዓመቱ ይበትናል። ግራሃም አጠገብ ግን እነ ሞትሊ፣ ላቬሊ፣ ግሮዛ ለዓመታት አብረው ቆዩ። ፖል ብራውንም አለ። ብራውን ጋርድ የሚባሉትን የመስመር ተጫዋቾች በየተራ እያስገባ የሚጫወተውን ሁሉ ከጠርዝ ሆኖ ያዝ ነበር። በመልእክተኝነት ከሚገቡት ጋርዶች አንዱ ቸክ ኖል ነው፤ ኋላ ፒትስበርግን ለ4 ሱፐር ቦውል ያበቃው አሰልጣኝ። ግራሃም በዚህ አሠራር ሁልጊዜ ደስተኛ አልነበረም፤ ራሱ መምረጥ የሚፈልግበት ጊዜ ነበር።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላም 4ቱ ይቆጠራሉ እላለሁ። ሌላ ምሳሌ ይውሰዱ። በ1960 መጫወት የጀመረው ሌላ ተፎካካሪ ሊግ፣ ኤኤፍኤል፣ ከኤንኤፍኤል ጋር ሲዋሐድ የተጫዋቾቹ ቁጥሮች በሙሉ ወደ መዝገቡ ገቡ። ኤኤኤፍሲ ግን ከ3 ቡድኖቹ ጋር ገብቶ ታሪኩ ለአሥርተ ዓመታት ውጭ ቀረ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ የኤንኤፍኤልን ዋንጫ ያነሳው ያው የአዲሱ ሊግ ቡድን፣ በዚያው ኳርተርባክ፣ በዚያው አሰልጣኝ መሆኑን ያየ ሰው የቀደሙትን 4 ዓመታት የውሸት ሊላቸው አይችልም። የፉትቦሉ የዝና አዳራሽ በ1965 ሲቀበለው ሙሉ ሕይወቱን ነው የቆጠረለት። በ2019 ለኤንኤፍኤል 100ኛ ዓመት በተመረጠው የምንጊዜም ቡድን ውስጥም ስሙ አለ።

ከሜዳ ከወጣ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። ኮኔቲከት ውስጥ በኮስት ጋርድ አካዳሚ አሰለጠነ፤ በ1963 ቡድኑ በመደበኛው ውድድር አልተሸነፈም። ከ1966 እስከ 1968 የዋሽንግተንን ቡድን ይዞ 17 አሸነፈ፣ 22 ተሸነፈ፣ 3 አቻ ወጣ። ያ አልተሳካለትም። ወደ አካዳሚው ተመልሶ እስከ 1984 የስፖርት ኃላፊ ሆኖ ሠራ። በ2003 ፍሎሪዳ ውስጥ በ82 ዓመቱ አረፈ። የ14 ቁጥር ማልያውን ክሊቭላንድ ለሌላ አይሰጥም።

ልጅዎ ምን ይማር ላሉኝ፣ መጀመሪያ እግሩን ያሠልጥን። ፖል ብራውን ግራሃምን የፈለገው በክንዱ ብቻ አይደለም። የቅርጫት ኳስ ተጫዋች እግር ስላለው ነው፤ ኳሱን ተቀብሎ ሲያፈገፍግ ሚዛኑ አይዛባም፣ ለመወርወር ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። ስለዚህ በክረምት ቅርጫት ኳስ ልጫወት ካለዎ አይከልክሉት። ሁለተኛ፣ ከተቀባዮቹ ጋር ልምምድ ካለቀ በኋላ ይቆይ። ዓይን ሳይተያዩ ኳስ መልቀቅ የሚመጣው በድግግሞሽ ነው።

ሦስተኛውን አብራችሁ እዩት። የ1950ውን ፍጻሜ የፊልም ቁራጮች በኢንተርኔት ታገኟቸዋላችሁ። ግሮዛ ከመምታቱ በፊት ያለችውን የመጨረሻ ሙከራ ፈልጉ። ኳሱ 11ኛው ያርድ ላይ ነው፣ ግን ከጎል ብረቱ መሐል ፈቀቅ ብሏል። ቡድኑ የሚያስፈልገው ፊልድ ጎል ብቻ ነው። ከደቂቃዎች በፊት ኳስ የጣለው ግራሃም ለሞትሊም ለማንም አልሰጠውም። በሁለት እጁ አቅፎ ራሱ አጭር ሮጠና መሐል ሜዳ ላይ፣ ልክ ከብረቱ ፊት ለፊት፣ ለግሮዛ አስቀመጠለት።